ቅዱሱ የቀለለበት ክረምት

ጁላይ 3፣ ዓርብ

ዛሬም ቤታችን ከሚኖረው ከቅዱስ ሮኬ የእንጨት ሐውልት እግር ስር ዱቄት የመሰለ ነገር ጠረግኩ። ቻዮንግን ጠርቼ "ይሄ ምንድነው?" ብላት "አቧራ ነዋ እትዬ፣ ከመንገድ የሚገባ" አለች። ዝናቡ ከገባ ወዲህ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቢሆንም አልተከራከርኳትም። ቻዮንግ እዚህ ቤት ስትሠራ ፀጉሯ ሸብቷል፣ መጥረግ ግን አልለመደችም።

ከሰዓት ስብሰባ ነበረን። ከተማችን ካላንታስ ዘንድሮ መቶ ሃምሳ ዓመት ይሞላታል ተብሎ የታሪክ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢዋ የከንቲባው ሚስት ወይዘሮ ጆሰሊን ናት። የምታውቀው ታሪክ ከሠርጓ ቀን ወዲህ ያለውን ነው፤ ግን አዳራሹም ማይክራፎኑም የባሏ ነው። እኔ "የክብር አባል" ነኝ። የክብር አባል ማለት ድምፅ የማይሰጥ፣ ሱማን ግን የሚያመጣ ማለት ነው። ሩዙን ዘፍዝፌ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ፣ በእንፋሎት ያበሰልኩት እኔ፤ "እጅሽ ይባረክ" የተባለችው ሰብሳቢዋ።

ስለ ቅዱሱ እንድናገር አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። የነገርኳቸው አያቴ የነገረችኝን ነው። በኮሌራው ዘመን ምስሉን ወደ ሌላ ከተማ የሚያደርስ ጀልባ ማዕበል ሲያስጨንቀው እዚህ ተጠጋ። ማዕበሉ ሲያልፍ መልሰው ሊጭኑት ቢሉ ከበደ። የጀልባው ሰው ሁሉ ቢረባረብ ንቅንቅ አልል አለ። ቅድመ አያቴ ብቻቸውን ሲያቅፉት ግን እንደ ሕፃን ቀለለ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የእኛ ቤት ነው። በዓመት አንዴ፣ በበዓሉ ቀን፣ ተሸክመውት ከተማውን ይዞራል፤ ከዚያ ይመለሳል። ቅዱሱ ሲከፋው እንደሚከብድ፣ ሲደሰት እንደሚቀል የካላንታስ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

"በጣም ደስ ይላል እትዬ ፌሚያ" አለች ጆሰሊን፣ "ግን ማስረጃ አለው?"

የእሷ ባል ቅድመ አያት ከተማዋን መሠረቱ ለሚለው ማስረጃው ማነው? ባሏ ነው። ይህን ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ያሰብኩት። መልስ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ደረጃውን ከወጣሁ በኋላ ነው።

ጁላይ 9

ዱቄት። ጠረግኩ።

ገበያ ውስጥ ደረቅ ዓሣ የምትሸጠዋ ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ለጎረቤቷ ስትል ሰማሁ፦ "ፌሚያ ቤት ቅዱሱንና ሱማኑን ካወጣሽ ምን ይቀራል? እሷው!" ሳቁ። ዓሣውን ከሌላ ሴት ገዛሁ። ጨው በዝቶበታል።

ጁላይ 14

አደባባዩ ላይ የመስታወት ቤት እየተሠራ ነው። ማቀዝቀዣ አለው፣ በየቀለሙ የሚበራ መብራት አለው። ለማን እንደሆነ ማንም አይናገርም። ቻዮንግ "ለአበባ ይሆናል" ትላለች። አበባ በማቀዝቀዣ! የሬሳ ክፍል መሰላት እንዴ።

ጁላይ 19፣ እሑድ

ዛሬ ለአዲሱ ካባ ልለካው መጋረጃውን ዘግቼ ልብሱን አወለቅኩ። ቅዱሱን ያለ ልብስ የምታየው የዚህ ቤት ሴት ብቻ ናት፤ ከእናቴ ሞት ወዲህ ደግሞ እኔ ብቻ።

ስለ ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጁላይ 20

እሺ። ሜትሩን ጀርባው ላይ ስይዝ አውራ ጣቴ ገባ። እስከ ሥሩ። ሳወጣው ዱቄቱ እንደ ውሃ ተንዠቀዠቀ። ምስጥ ነው። ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውስጡ የለም፤ የቀረው ፊቱ፣ እጆቹና በቀለም የተያዘች ቅርፊት ናት። ዳቦ በአፉ ይዞ ከእግሩ ስር የሚቀመጠው ውሻ ለብቻው ከሌላ እንጨት የተቀረጸ ነው፤ እሱን አልነኩትም። ምስጥም ሰው ይመርጣል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ቅዱሳችን መቶ ምናምን ዓመት ዝም ብሎ ነው የነቀዘው።

ስንት ዓመት በላዩ ላይ ቬልቬት ስደራርብ ኖርኩ! የወርቁን ክር በዓይኔ ስመርጥ፣ ጥልፉን ከጆሰሊን ቀሚስ ሳወዳድር፣ አንድ ቀን ጀርባውን መታ አድርጌ አላየሁም። እናቴ ታደርገው ነበር። ሐኪም እንደሚያደርገው በጣቷ ኳ ኳ ታደርገው ነበር። እኔ እየቀለደች ይመስለኝ ነበር።

ጁላይ 23

ለአባ ሴልሶ በንስሐ ነገርኳቸው። ወጣት ቄስ ናቸው፤ ያለፈው ፋሲካ ነው የተሾሙልን።

"እትዬ ፌሚያ፣ ምስጥ ኃጢአት አይደለም" አሉኝ።

"መደበቄስ አባ?"

"በዓሉ መቼ ነው?"

"ኦገስት አሥራ ስድስት።"

"እንግዲያው እሱን ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን። ጣሪያችን እኮ ያፈስሳል።" ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁት። እውነት ነው፤ ያፈስሳል።

ኦገስት 7፣ ዓርብ

የዘጠኙ ቀን ጸሎት ተጀመረ። ቤቱ ጢም ብሏል! ደረጃው ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል። አዲሱን ካባ ሁሉም አደነቀው። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው የውሻውን አፍንጫ ሲያሹ ነበር፤ ተቆጣሁ፣ ግን ከልቤ አይደለም። ደረቅ ዓሣ የምትሸጠዋም መጥታ አራት ሱማን በላች።

ደስ ብሎኛል። ዓመቱን ሙሉ የምኖረው ለእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ይመስለኛል።

ጆሰሊን ስትወጣ እጄን ያዝ አድርጋ "በዓሉ ይለፍና ስለ ቅዱሱ ማረፊያ እናወራለን" አለችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነው።

ኦገስት 12

ማንም እንዳይደገፍበት አጠገቡ ቆሜ ነው የምጸልየው። "ጸሎትዎ ጠነከረ" እያሉኝ ነው።

ኦገስት 16፣ በዓል

ሳልተኛ ልጻፈው።

ዝናቡ ጠዋት አባራ። ተሸካሚዎቹ መጡ። አለቃቸው ዓሣ አጥማጁ ኢስኮ ነው፤ በበዓል ቀን እንኳ አፉ ይሸታል። ቅዱሱንና ውሻውን ራሴ ቃሬዛው ላይ አሰርኳቸው፣ ማንንም አላስነካሁም። ኢስኮ "እንደ ዱሮው ነው ወገኖቼ፣ ወገባችሁን ጠበቅ!" ብሎ "ሆ!" አሉና አነሱት።

እንደ ዱሮው አልነበረም። ለዱሮው ክብደት የተዘጋጀ ጉልበት ባዶ ነገር ሲያገኝ ቃሬዛው ወደ ላይ ተወረወረ፣ ቅዱሱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊነካ ደረሰ፣ ኢስኮ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ከዚያ ኢስኮ ራሱ ጮኸ፦

"ቀለለ! ኧረ በእግዜር! ላባ ነው! ቀሏል!"

ሴቶቹ መሬት ላይ ወደቁ። ደወሉ ተደወለ። አባ ሴልሶ እኔን አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው፣ ከዚያ ሁለታችንም መሬት አየን። እንባዬ መጣ። "እዩዋት፣ እትዬ ፌሚያ በደስታ አለቀሰች" አሉ። በፍርሃት ነው ያለቀስኩት።

ኦገስት 18

የቀለለው ለምንድነው? ጆሰሊን በሬዲዮ ቀርባ ባሏ አደባባዩ ላይ ባስነጠፈው አዲስ አስፋልት ተደስቶ ነው አለች። አስተማሪዎቹ ኮሚቴው ለሚያሳትመው የታሪክ መጽሐፍ ነው አሉ። ዓሣ ሻጯ ዋጋ ስለቀነስኩ ነው አለች። ኢስኮ መጠጥ እተዋለሁ ብዬ ስለማልኩ ነው አለ፤ ይህን የተናገረው ጠርሙስ ይዞ ነው። በካላንታስ ያለ ሰው ሁሉ ቅዱሱን በግሉ አስደስቷል። ያላስደሰትኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ኦገስት 23፣ እሑድ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጆሰሊን ኮሚቴውን ሰብስባ ተነሳች። ዛሬ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ ነበር፤ ያኔ ነው መፍራት። "እትዬ ፌሚያ፣ የእርስዎን ታሪክ ደጋግሜ አሰብኩበት" አለች። "መጀመሪያ ላይ ማስረጃ የለውም ብዬ ነበር፣ ይቅርታ። አሁን በዓይናችን አየነው። ቅዱሱ ሲከፋው ይከብዳል፣ ሲደሰት ይቀላል። አይደል?"

"ነው" አልኩ። ምን ልበል?

"የቀለለው የት ነው?"

"ደ... ደጃፌ ላይ።"

"ሊወጣ ሲል! ከእርስዎ ቤት ሲወጣ ደስ አለው። ሕዝቡ መሀል መኖር ፈልጓል ማለት ነው።"

አጨበጨቡ። የመስታወቱ ቤት ለማን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሴፕቴምበር 13 ቀን በማርሽ ባንድ ይወሰዳል። አባ ሴልሶ የአዳራሹን ጣሪያ ይመረምሩ ነበር፤ ያ ጣሪያ ደግሞ አያፈስም።

አንድ ቃል በቂ ነበር። "ምስጥ" ማለት። ግን እሱን ካልኩ እኔ ማነኝ? ቅዱሱን በቬልቬት ጠቅልላ ያስበላች ሴት። ተነስቼ ሱማን አዞርኩ።

ኦገስት 30

ቻዮንግ ዛሬ የቡና ስኒ እያጠበች "እዚያስ ቢሄድ ምን አለበት እትዬ? እዚህ እኮ እርጥበት ይጎዳዋል" አለችኝ። ጮኽኩባት። ኋላ አዘንኩ።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ላልዋሽ። እሱ ከሄደ ይህን ደረጃ ማን ይወጣል? እህት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ጎረቤት "እንደምን ዋሉ" የሚለኝ ወደ እሱ ሲያልፍ ነው። ሰዎች ለእሱ ሲመጡ እኔን ያገኙኛል። ይሄ ነው ነገሩ።

ሴፕቴምበር 3

ሀሳብ መጣልኝ። ሲከፋው ይከብዳል። የከበደ ደግሞ አይሄድም።

ሴፕቴምበር 5

ሲሚንቶ ገዛሁ። ባለሱቁ "ለምንድነው እትዬ?" ሲለኝ "ለሽንት ቤቱ" አልኩት። ቅዱስ ሮኬ ይቅር ይበለኝ።

ለቻዮንግ ጀርባውን አሳየኋት። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። "አውቄዋለሁ እኮ፤ እስቲ የማንን ዱቄት ነው የምጠርገው?" አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። እሷ አቦካች፣ እኔ የወንዝ ጠጠር እየጨመርኩ በጀርባው ቀዳዳ በማንኪያ አጎረስኩት። በመጨረሻ አንገቱ ድረስ ሞላ። ተጠመቀ እንጂ ተለሰነ አልልም።

ሴፕቴምበር 6

ሲሚንቶው በግራ እግሩ በኩል ፈስሶ ወለሉ ላይ ደርቋል። ቻዮንግ በቢላዋ ብትፍቅ ብትፍቅ እምቢ አለ። ከጣውላው ጋር አንድ ሆኗል። ካባውን ዝቅ አደረግንበት።

"በጣም ከበደ መሰለኝ እትዬ።"

"ይክበድ።"

ሴፕቴምበር 13፣ እሑድ

ሆነ! ግን ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ባንዱ ከነጥሩምባው መንገዱን ዘጋው። ጆሰሊን ነጭ ለብሳ፣ ከንቲባው ከኋላዋ፣ አባ ሴልሶ ጠበል ይዘው። ኢስኮና ጓደኞቹ ደረጃውን እየዘፈኑ ወጡ። ኢስኮ ያለፈውን አስታውሶ "ለእኔ ብቻ ተዉት፣ በአንድ እጄ!" አለና ቅዱሱን በወገቡ አቀፈው። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ወይን ጠጅ ሆነ። ሁለት ሰው ጨመረ። አራት። በስተመጨረሻ ክፍሉ የያዘውን ያህል ወንድ ተረባረበ፤ ቤቱ ተንቋቋ፣ ቅዱሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ኢስኮ ላቡን ጠረገና በለሆሳስ "እምቢ ብሏል" አለ።

"አልሄድም አለ! ከእትዬ ፌሚያ አልለይም አለ!" ቤቱ፣ ደረጃው፣ መንገዱ ተንበረከከ። ባንዱ ምን እንደሚመታ ጠፍቶት የሠርግ ዘፈን መታ። አንዲት ሴት የቀሚሴን ጫፍ ሳመች። ጆሰሊን እንደ ወረቀት ነጣች። እግዜር ያውቃል በሰው ሐዘን ደስ የሚለኝ ሴት አይደለሁም፤ ዛሬ ግን ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጆሰሊን ግን ለከንቲባ ሚስትነት የተፈጠረች ሴት ናት። ባዶ እጇን ከባንድ ጋር አትመለስም። ዓይኗ ወለሉ ላይ ሲዞር ቆየ፣ ከዚያ ጎንበስ አለችና ውሻውን ብድግ አደረገችው።

"ቀሏል!" አለች። "ኧረ እዩ፣ በአንድ እጄ! ቅዱሱ እኔ እዚሁ ልሁን፣ ውሻዬ ግን ሕዝቤን ይጠብቅ ብሏል!"

ሆ አሉ። ባንዱ ነፍስ ዘራ። ሁሉም ተከትሏት ወረደ። ወንበሮቹን ያነሳነው ቻዮንግና እኔ ነን።

ሴፕቴምበር 14

ውሻ ነው። ይውሰዱት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የእኛው ዳቦውን እንደያዘ ነው የሄደው።

ሴፕቴምበር 20

የኢስኮ ሚስት ውሻውን ነክታ የጥርስ ሕመሟ ለቀቃት። የጠፋች ፍየል ተገኘች። ከዋናው ከተማ አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጥቷል፤ ሰልፉ ፖስታ ቤቱ ድረስ ነው አሉ። የኮሚቴው መጽሐፍ ታትሟል፦ የፊት ገጹ ላይ ውሻው በቀለም መብራት፣ የኋላው ላይ ከንቲባው። የቅድመ አያቴ ታሪክም አለ። ማዕበሉ ላይ የጮኸው፣ ጀልባውን ወደ ባሕሩ ዳር የመራው ውሻው ነው ይላል። ስለ ውሻው ታሪክ ኖሮን አያውቅም እኮ! ምንጩ ላይ "እትዬ ኤውፌሚያ እንደነገሩን" ተጽፏል።

እኔን የሚጠይቅ ሰው አልመጣም። ሲያልፉ ግን ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ዛሬ ከመስኮት "ግቡ እንጂ" ብያቸው ነበር፤ "ኧረ እትዬ፣ ቅዱሱን አንረብሽም፣ ከእርስዎ ጋር ብቻውን መሆን ፈልጓል" ብለው በእግራቸው ጫፍ አለፉ።

ሴፕቴምበር 28፣ ሰኞ

የምስጋና ጸሎት አውጄ ነበር፣ ዘጠኝ ቀን። ለቤት ሙሉ ሰው የሚበቃ ሱማን ሠራን። በዚያው ሰዓት አደባባዩ ላይ ለውሻው ጸሎት አለ። አባ ሴልሶ መልእክት ልከዋል፦ "የእርስዎ ጸሎት የተሰማ ስለሆነ እኔ የሌሎቹን ላግዝ።" የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እየታደሰ ነው።

ቻዮንግና እኔ ጸለይን። እሷ እየመራች፣ እኔ እየተቀበልኩ። ከዚያ በላን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ኦክቶበር 4፣ እሑድ

ከቁርስ በኋላ ለቻዮንግ ነገርኳት። "እንውሰደው። አደባባይ ይሂድ፣ ከውሻው ጋር ይሁን። ሐሳቡን ለወጠ እንላለን።" እሷም መሮና መዶሻ አመጣች። ወለሉ ላይ ተንበርክከን የግራ እግሩን ዙሪያ ቀጠቀጥን። ከጣውላው ላይ አንድ ስንጣሪ ወጣ፣ ከእግሩም አንድ ጣት። ከዚያ እሷ በጀርባው እኔ በፊቱ ገፋን፣ ሳብን። ጉንጬን ደረቱ ላይ አድርጌ ሳብኩ። ቀዝቃዛ ነው። በኦክቶበር ዝናብ ውስጥ ከአደባባዩ የባንዱ ድምፅ ይሰማ ነበር።

"ተነስ እንጂ!" አልኩት። "ማን ያዘህ?"

አልሄድም ያለው እሱ አይደለም። እሱ አንድ ቀን እንኳ አልሄድም አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አፍ አድርጌ። ይህን ጮክ ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም፣ ቻዮንግ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ነበርና።

"እትዬ፣ ሁለታችን አንችለውም" አለችኝ። "ሰው ልጥራ?"

"ማንን?"

ቻዮንግ ለሁሉም ነገር መልስ አላት። ዛሬ ግን መሮውን አስቀመጠችና መጥረጊያ አንስታ ዱቄቱን መጥረግ ጀመረች።